ለሙታን የተሰለፉት አባባ

የኤርትራ ነፃነት ሪፈረንደም ዕለት አሰብ ውስጥ በተሳፈርኩበት ታክሲ አንድ የአፋር ሽማግሌ ብቻቸውን ይስቃሉ። አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት አላስቻላትም።

"አባባ፣ ምን ተገኘ?"

"መረጥኩ! ወረቀቴን ሣጥን ውስጥ ከትቼ ወጣሁና፣ ደስ ቢለኝ ተመልሼ ተሰለፍኩ።"

"ሁለቴማ አይቻልም!"

"እነሱም እንደሱ አሉኝ። 'የአሁኑ ለአባቴ ነው' አልኳቸው።"

"አባትዎ አሉ እንዴ?"

"ኧረ የት አሉ! ግን ቱርክ ሲመጣ የአያቴን አያት ማን ጠየቀው? ጣሊያን ሲመጣስ አያቴን? እንግሊዝ አባቴን ጠየቀው? ንጉሡስ? ደርግስ እኔን ጠየቀኝ? እዚህ ከአሸዋና ከዓሣ በቀር ምንም ሳይኖር የሰፈርን እኛ!"

"ታዲያ ምን አሉዎት?"

"መዝጋቢዋ ልጅ እየሳቀች 'እስቲ ስማቸውን ይንገሩኝ' አለችኝ። እስከ አሥራ ሁለተኛው አያቴ ቆጠርኩላት። ሰልፈኛው አጨበጨበ!"

"ውይ አባባ! መዘገበቻቸው?"

"አልመዘገበችም። ግን አንድ በአንድ ስማቸው ተጠየቀ፣ ልጄ! ሌላ ምን እፈልጋለሁ?"

ለወደብ ሥራ ከናዝሬት የመጣሁት እኔ መውረጃዬ እስኪደርስ የአያቶቼን ስም በልቤ ስቆጥር ሄድኩ፤ አራተኛው ላይ ጠፋብኝ።