አራሷ አይጥ አትነካም

አዲስ አበባ፣ የአንድ ምርምር ተቋም አይጥ ቤት፤ ስምንት ዓመት አይጥ የጠበቁት ጋሽ ባንቴ አንዲት ሳጥን በካፖርታቸው ሸፍነው በሩን ዘግተው ቆመዋል፣ ተመራማሪዋ ዶክተር ትርሲት ጓንቷን አጥልቃ ትለማመጣቸዋለች።

ትርሲት፦ ጋሽ ባንቴ፣ በሞቴ! ሳጥኗን ይስጡኝ።

ባንቴ፦ አራስ ናት አልኩሽ! አራስ አሳልፎ የሚሰጥ ሰው የት አይተሻል?

ትርሲት፦ አራስ ማን አደረጋት? ብቻዋን ትቀመጥ አላልኩም?

ባንቴ፦ ጥግ ይዛ ስትተክዝ አንጀቴን በላችው። ጎረቤቷን ወንዴ ለአንድ ቀን አስገባሁላት።

ትርሲት፦ ኧረ ጉድ! ድረዋታላ! ሆዷ ሲገፋ ስጠይቅዎ ምን አሉኝ?

ባንቴ፦ ምግብ ተስማምቷት ነው አልኩ። አልበላችም እንዴ?

ትርሲት፦ የአይጥ ምስክር ድንቢጥ! ይስሙኝማ፣ ይቺ እንደሌሎቹ አይደለችም። ከሰው የተወሰደ ዘረ መል የጨመርንባት ናት። የሌሎቹ ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለት በደማቸው ያለው መከላከያ፣ መርዝ ሲያገኝ ሥራው እንደ ዘበኛ አንቆ መያዝ ብቻ ነው፤ የእሷ ግን ይዞ ይበጣጥሰዋል። ከመቶ ሃያ አይጥ እሷ ብቻ!

ባንቴ፦ እሰይ! ታዲያ እንዲህ ያለች ወይዘሮ ትሸለማለች እንጂ ትገደላለች?

ትርሲት፦ ያንን የሚሠሩት፣ የመርዙን ማርከሻ መድኃኒት የምናወጣባቸው ሴሎች ጣፊያዋ ውስጥ ናቸው፤ ሳትሞት አይወጡም። ዛሬ ካልወሰድኳቸው ይጠፋሉ፤ የአራት ዓመት ልፋቴ ገደል ገባ።

ባንቴ፦ ለመሆኑ የምን መርዝ ነው?

ትርሲት፦ አበባ እርሻ ላይ የሚረጨው፣ የተባዩ።

ባንቴ፦ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነበር የምናውቀው። አሁን ደግሞ ሰው በረጨ አይጥ ትሙት?

ትርሲት፦ ይቀልዱ እርስዎ! የሚረጩት ልጆች እያስመለሳቸው፣ ትንፋሽ እያጠራቸው...

ባንቴ፦ አውቃለሁ። የእህቴ ልጅ ጥሩዬ እዚያ ነው የምትሠራው። ቅዳሜ ተሸክመን ነው ሐኪም ቤት የወሰድናት።

ትርሲት፦ ውይ ጋሽዬ! ምነው ሳይነግሩኝ?

ባንቴ፦ አንቺስ መች ነገርሽኝ? አራት ዓመት ሙሉ «እንዳይነኩብኝ» ብቻ! ቆይ እስቲ። ቁጥር ዘጠኟ አይጥም ትናንት ወልዳለች። ሽታዋ እንዲይዛቸው የሷን ጉዝጓዝ የአራሷ ልጆች ላይ አሽቼ ላስጠጋቸው። ከተቀበለቻቸው እናትየዋን ትወስጃለሽ።

ትርሲት፦ ባትቀበልስ? ትበላቸዋለች እኮ!

ባንቴ፦ እንግዲያው አራሷን አልሰጥም፤ የጥሩዬንም ነገር ለእግዜር። ዝም ብለሽ ቁሚ፣ ትደነግጣለች።

ትርሲት፦ እያሸተተቻቸው ነው... ወይኔ፣ አንዱን በአፏ ያዘችው!

ባንቴ፦ አይዞሽ፣ ወደ ጎጆዋ ነው። ሁለት... አራት... ስድስቱንም አስገባቻቸው፣ ተባረኪ! እንኪ፣ ውሰጃት። ግን ራቅ አድርገሽ፤ ልጆቹ እንዳይሰሙ።

ትርሲት፦ አስተኝቼ ነው፣ አትጮህም። ደግሞ የጨቅላ አይጥ ጆሮ ገና አልተከፈተም፣ ጋሼ።

ባንቴ፦ የኔ ተከፍቷል።