ምግብ መሃል የሚራብ ሥር

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አሁንም እየተንቀጠቀጥኩ ነው፣ ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ የምትሰሙት ነፋስ አይደለም፣ እኔ ነኝ፣ ግን ካቆምኩ መልሼ ስለማልጀምር ዝም ብዬ አነባለሁ። አጎቴ የጻፉትን የአክስቴን የሕይወት ታሪክ ዛሬ በቀብራቸው ላይ እንዳነብ ሰጥተውኝ ነበር። በጣም ያምራል፣ ግን አክስቴን እዚያ ውስጥ ፈልጌ አጣኋቸው። ስለዚህ ይሄን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አጎቴ፣ አይቆጡኝ።

አክስቴ የተወለዱት ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነው። አባታቸው ወፍጮ ቤት ነበራቸው፣ እናታቸው ልብስ ይሰፉ ነበር። የመጀመሪያ ልጅ ናቸው፤ ከእሳቸው በኋላ አጎቴ፣ ከዚያ እናቴ ተወለዱ። ልጅ ሆነው ወፍጮ ቤቱ ጥግ ሄደው ረጥቦ የሻገተ እህል እያነሱ ያሸቱ ነበር አሉ፤ እናታቸውም ይቺ ልጅ ምን ነክቷት ነው እያሉ ይጨነቁ ነበር። በትምህርት ጎበዝ ስለነበሩ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የዕፅዋት በሽታ አጠኑ፣ ከዚያም እርሻ ምርምር ጣቢያ ተቀጠሩ፣ እስኪታመሙም ሌላ ቦታ አልሠሩም። ባልደረቦቻቸው “እትዬ ሻጋታ” ይሏቸው ነበር። እሳቸውም ስልክ ሲያነሱ “አቤት፣ ሻጋታ ነኝ” ይሉ ነበር።

ሥራቸውን ላስረዳ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ “የአፈር ነገር ነው መሰለኝ የሚሠሩት” ስትሉ ሰምቻለሁ። አፈር ውስጥ የሚኖር ሻጋታ አለ፣ መርዝ ይተፋል። መርዙ የስንዴውን ሥር ወዲያው አይገድለውም። ከአፈር ምግብ የሚስቡትን ቀጫጭን የሥር ፀጉሮች ያመነምናቸዋል፣ የሥሩንም ቆዳ ያሳሳዋል፣ ስለዚህ ምግቡ አይገባም፣ የገባውም ሾልኮ ይወጣል። ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ገበሬው ያየዋል፣ ተርቧል ይልና ማዳበሪያ ይጨምራል። አሁንም ቢጫ ነው፣ አሁንም ይጨምራል። ስንዴው ግን የሚራበው ምግብ መሃል ቆሞ ነው። አክስቴ ራሳቸው ሥራ እንደጀመሩ “ጨምሩበት” ብለው መክረው፣ አንድ ሙሉ ማሳ ከነማዳበሪያው ደርቋል። ከዚያ በኋላ ነው ቅጠል ማየት ትተው ሥር ማየት የጀመሩት።

አንድ ጊዜ አግብተው ነበር። ባላቸው የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፣ ደግ ሰው እንደነበሩ አክስቴ ራሳቸው ይናገሩ ነበር። ግን ባላቸው መንገድ ላይ፣ እሳቸው ችግኝ በሚያሳድጉበት የመስታወት ቤት ውስጥ፣ የሚገናኙት የቤታቸው ደረጃ ላይ ብቻ ሆነና ያለ ጠብ ተለያዩ። ልጅ አልወለዱም።

እናቴ ሥራ ፍለጋ ሌላ ከተማ ስትሄድ እኔን እሳቸው ጋ ተወችኝ። ያኔ ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ “አቤት” ማለት እንኳ ያቅተኝ ነበር፤ የሰው ፊት እሳት ነው። አክስቴ አልተቆጡኝም፣ አልመከሩኝምም። ከትምህርት ቤት ስመለስ መስታወት ቤቱ ውስጥ ያቆሙኝና “እስቲ ለዚህ ስንዴ ምን እንደነካው ንገሪው፣ አይስቅብሽም” ይሉኝ ነበር። እውነትም አልሳቀብኝም። አምና መጀመሪያ ላይ ክፍል ፊት ቆሜ ስለ ሥር ሳስረዳ አስተማሪያችን “ይቺ ልጅ እስከዛሬ የት ነበረች?” አሉ። ለአክስቴ ስነግራቸው ቀና እንኳ አላሉም፣ ጠርሙስ እያጠቡ “እኔ ጋ ነበረች በያቸው” አሉኝ።

ምሳቸውን ብቻቸውን ነበር የሚበሉት፣ ሻጋታ ከሚያሳድጉባቸው ጠርሙሶች ጋር። እሑድ እሑድ ስልካቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ፤ ስልኩ ግን ብዙም አይጠራም። ሲመሽ ግን ጥጥ የመሰለ ሻጋታ አምጥተው “ነይ፣ ቆንጆ ነገር ላሳይሽ” ይሉኛል።

አምና ታመሙ። ሐኪሙ አንጀታቸው ምግብ መቀበል አቁሟል ሲሉ አክስቴ ሳቁ፣ ሐኪሙ ደነገጡ። ከዚያ ዘመድ ሁሉ ምግብ ይዞ መጣ። ክፉ ለመናገር አይደለም። ግን ድስቱን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጡና፣ ቅመሱ እንጂ ትሉና፣ መኪናዬ መንገድ ዘግቷል ብላችሁ ትወጡ ነበር። በሩ ሲዘጋ አክስቴ ድስቶቹን ያዩና “አየሽ፣ እኔም ላይ ማዳበሪያ ጨመሩብኝ” ይሉኛል። እስቅ ነበር። አንድ ቀን ግን ቀጠሉና “ትንሽ ቢቀመጡ ይሻለኝ ነበር” አሉ።

የመጨረሻ ጥያቄያቸው ይሄ ነበር፦ መርዝ የነካው ሥር ወደ ንጹሕ ውኃ ቢዛወር፣ እንደገና ምግብ መሳብ ይችላል ወይ? ጣቢያው ውስጥ ሌሎቹ አይችልም፣ ይጣል ይሉ ነበር። እሳቸው ግን መርዝ የነካቸውን የስንዴ ችግኞች ንጹሕ ውኃ በሞላ ጠርሙስ ውስጥ አቆሟቸው። ውኃው በየጠዋቱ ካልተቀየረ ከሥሩ የሚወጣው መርዝ መልሶ ይመርዛቸዋል። እሳቸው ሆስፒታል ከገቡ ጀምሮ የምቀይረው እኔ ነኝ። አዲስ ሥር ነጭ ነው፤ ስለዚህ ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስገባ ሁልጊዜ “ነጭ ነገር አየሽ?” ይሉኛል። ከትናንት ወዲያም ጠየቁኝ። ገና ነው አልኳቸው። “ገና ጥሩ ቃል ነው” አሉ። ያን ዕለት ከሰዓት፣ እጃቸው እጄ ውስጥ እንዳለ አረፉ።

ማታውን የጣቢያው ኃላፊ ደውለው አጽናኑን፣ ከዚያም ክፍሉ ለሌላ ሥራ ስለሚፈለግ ጠርሙሶቹ ጠዋት እንደሚነሱ ነገሩን።

አክስቴ አንድ ወንድም፣ አንዲት እህትና እኔን ትተው ሄደዋል። ስንዴዎቹንም ልጨምር ፈልጌ ሰው ይስቃል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ይኸው ጨመርኳቸው። አምላክ ነፍሳቸውን፣ የመጣ ሁሉ አረፍ ብሎ በሚቀመጥበት፣ ማንም “በሉ ልሂድ” በማይልበት ቦታ ያኑርልን።

ትናንት ጠዋት ልታጽናኑን ስትመጡ ቤት ያጣችሁኝ፣ ከሁሉ በፊት ወደ ጣቢያው ስለሄድኩ ነው። ኃላፊው በሩ ላይ ቆመዋል፣ የጽዳት ሠራተኛዋም ጋሪዋን ይዛለች። ዛሬ እንኳ ቤትሽ ብትሆኚ ምናለበት አሉኝ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ወጣ። “አይጣሉም” አልኳቸው። “ለምን እንደማይጣሉ ላስረዳዎት።” ቆመው ሰሙኝ፣ እስከ መጨረሻው። ከዚያ የጽዳት ሠራተኛዋን ሌላ ክፍል ላኳት። እኔም የመጀመሪያውን ጠርሙስ አወረድኩ፣ አሮጌውን ውኃ ደፋሁ፣ አዲሱን ሞላሁ።