በፉሪ ጉድጓድ ዳር በእስክስታ ፊደል ስለተጻፈችው ታፔላ

የምስክሩ ስም፦ ወጋየሁ ማሞ
ዕድሜ፦ 52
ሥራ፦ ታፔላ ጸሐፊ
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ ሀና ማርያም ቤተ ክርስቲያን አካባቢ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሚያዝያ 20 ቀን 1990 ዓ.ም

ትናንት የታሰረው የግንባታ ሠራተኞች አለቃ (ካፖ) መዝገቡ የእህቴ ልጅ መሆኑን አልደብቅም። የታሰረው በሚያሠራው ቤት ደጃፍ ለተቆፈረ ጉድጓድ ማስጠንቀቂያ አላደረገም ተብሎ ነው። ማስጠንቀቂያውን የጻፍኩት እኔ በመሆኔ ሳልጠራ መጥቻለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት መዝገቡ ፉሪ ላይ ያስቆፈረውን የሽንት ቤት ጉድጓድ በቆርቆሮ ሸፍኖ ወደ ሱቄ መጣ። በተራ ፊደል የተጻፈ ታፔላ ማንም ዞር ብሎ እንደማያየው ነግሮኝ፣ «በእስክስታ ጻፍልኝ» አለኝ። እስክስታ የሚባለው ማንም ሳያስተምረኝ ራሴ ያወጣሁት የፊደል አጣጣል ነው። አንዱ ፊደል ትከሻውን ከፍ ሲያደርግ ሌላው ዝቅ ይላል፤ እግራቸው እንደ ሐረግ ይጠማዘዛል፤ ጫፋቸው ላይ አበባ አለ። የምጽፍበትም ለሠርግ ቤት አቅጣጫ ማሳያ፣ ለሴቶች ፀጉር ቤትና ለጁስ ቤት ነው። ለዕድር ጽፌበት አላውቅም። ስለዚህ፣ «ጉድጓዱን ልትድረው ነው እንዴ? ሚዜስ መረጥክለት?» ብዬ ቀለድኩበት። «ጋሼ ደሞ! ሰው ያየዋል አልኩህ፤ ዝም ብለህ ጻፍልኝ» አለ። «ተጠንቀቁ፣ ጉድጓድ አለ» ብዬ በሮዝ ቀለም ጻፍኩ፤ ከሥሩም ቀስት አደረግሁ። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሲተክለው በዓይኔ አይቻለሁ።

እሑድ ሚያዝያ 18 ቀን እዚያው ጎረቤት ሠርግ ነበር። ከታዳሚዎቹ አንዷ ወ/ሮ ተሾመች ስምንት ሰዓት ገደማ ቆርቆሮውን ረግጠው ጉድጓዱ ውስጥ በመውደቃቸው እግራቸው ተሰብሯል። ማምሻውን የሠርጉ ቤተሰቦች የመንገድ ታፔላዎቻቸውን ሲሰበስቡ የመዝገቡንም የራሳቸው መስላቸው ነቅለው ወስደዋል። ፖሊስ ሰኞ ጠዋት ቦታው ላይ ምንም ምልክት ያጣው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ ጠዋት ሠርጉ ቤት ድንኳን ሥር ከሌሎቹ ጋር ተደርድራ አግኝቻት፣ ለጣቢያው አስረክቤያለሁ።

ትናንት ሆስፒታል ሄጄ ወ/ሮ ተሾመችን ጠይቄያቸዋለሁ። ታፔላ አላየሁም ይሉኛል ብዬ ሠግቼ ነበር። እርሳቸው ግን፣ «ኧረ አይቻታለሁ! አንብቤያታለሁም። የሙሽራው ጓደኞች ተንኮል መስሎኝ እየሳቅሁ አለፍኳት። ጉድጓድ እንዲህ ተኳኩሎ ይጠብቃል ብዬ በምን ልወቅ?» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከሁሉም በላይ የምስቀው እኔ ነበርኩ።

መርማሪው ሃምሳ አለቃ ዱጉማ ታፔላዋን ጠረጴዛ ላይ አቁመው፣ «ይህችን ያየ ሰው ይጠነቀቃል?» ብለው ጠየቁኝ። ይጠነቀቃል ብል መዝገቡ ምናልባት ዛሬውኑ እንደሚለቀቅ፣ እናቱም ከጣቢያው በር ላይ ስንቅ ይዛ እየጠበቀችኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ውኃ ጠይቄ ጠጣሁ። መልሴ፦ መዝገቡ ሰው እንዲያያት ብሎ ተክሏታል፤ ሰውም አይቷታል። የሚጠነቀቅላት ግን የለም።

ይህ ቃል የእህቴን ልጅ ያስፈታው ወይም ታስሮ ያስቀረው እንደሆነ አላውቅም። ከአፌ የወጣው ሁሉ እውነት መሆኑን፣ ተነብቦልኝም ያልኩት ሆኖ እንዳገኘሁት በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ዱጉማ ____________