የሱልጣን ነጭ ሸሚዝ

አብዮቱ ከፈነዳ አሥር ዓመት አልፎታል። መስከረም እንደጠባ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ መካኒሳ አቦ ቦኖ ውኃ ሰልፍ ላይ ሁለት ጎረቤታሞች ተገናኙ። አንደኛዋ ልብስ ሰፊዋ ወይዘሮ ዘነቡ ናት፤ ሌላው ጡረታ የወጡት፣ ሲያንሾካሹኩ እንኳ ሰፈር የሚሰማቸው አቶ ሁንዴሳ። የዘነቡ ልጅ ሱልጣን ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ቀሚሷን ይዟል። ሸሚዙን የሰፋችለት ራሷ ናት፤ ለጌጥ እንዳይመስላችሁ! ደጅ ወጥቶ ቢጫወት አቧራው እንዲያሳብቅበት ነው። እናት ብልሃት አያልቅባት!

ከቦኖው ፊት ለፊት ልጆች ከሚጫወቱበት ሜዳ የጨርቅ ኳስ ተንከባሎ ሱልጣን እግር ሥር ቆመ።

«ምታት! ምታት!» ልጆቹ ጮኹ። ሱልጣን ሮጦ እናቱ ኋላ ተደበቀ። ሜዳው በሳቅ አውካካ፤ የዘነቡ ፊት ቀላ።

«ዘነቡ ልጄ፣» አሉ አቶ ሁንዴሳ፣ «ይህ ልጅ ኳስ እንደ እባብ የሚፈራው ምን አድርገሽው ነው?»

«አልለመደማ አባባ። አላስወጣውም።»

«ለምን?»

«ይጠየቃል እንዴ! በእርስዎ ጊዜ የሚያሰጋው ጅብና ወንዝ ነበር። ዛሬ መኪናው አለ፣ ክፉ ሰው አለ። ወንድሜ ኑሪ በዚያ በክፉ ዘመን ‹ኳስ ተጫውቼ መጣሁ› ብሎ እንደወጣ ቀረ። ወላሂ፣ ልጄን ለደጅ አልሰጥም!»

ያ ዘመን ሲነሳ ሰው ሁሉ ግራ ቀኙን ያይ ነበር።

አቶ ሁንዴሳም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ነፍሱን ይማር። ስጋትሽ እውነት ነው። የእኔም እናት ትሰጋ ነበር። ታናሽ ወንድሜን ‹ወንዝ አትውረድ› እያለች ከጉያዋ ሳታወጣ አሳደገችው። እኔ አሻፈረኝ ብዬ ዋና ለመድኩ። አንድ ክረምት መሻገሪያው ላይ ሁለታችንንም ደራሽ ውኃ ያዘን። እኔ ዋኝቼ ወጣሁ።»

«እኔን!» አለች ዘነቡ።

«እናቴ የወደደችው መስሏት ነው። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ኑሪ ሲጠፋ አብሮሽ የፈለገው ማን ነበር?»

ዘነቡ ያን ጊዜ አስታወሰች። ያኔ ጎረቤት ሁሉ በሩን ጠርቅሞ ነበር። አብረዋት ከቀበሌ ቀበሌ የተንከራተቱት፣ ስሙን እየጠሩ ያለቀሱት፣ እነ በኃይሉ፣ እነ ቀጄላ ነበሩ።

«የኳስ ጓደኞቹ፣» አለች፤ እንባዋም መጣ።

«ሱልጣንስ አያድርገውና ቢጠፋ ማን ያውቀዋል? እኔ የቅርብ ጎረቤትሽ እንኳ መልኩን ደህና አድርጌ ያየሁት ዛሬ ነው! በእኛ ጊዜ ልጅን የሚጠብቀው መንደሩ ነበር። ዛሬ ሰው በዝቷል፣ መተዋወቁ ቀርቷል። ታዲያ መንደሩን እንደገና እንሥራው! ዕድር ለቀብር ብቻ ነው ያለው ማነው? እናቶች ተራ ግቡና ሜዳው ዳር ተቀመጡ፤ ልጆቹም ይጫወቱ።»

«ሌሎቹ እሺ ይላሉ ብለው ነው?»

«እኔ አለሁ!» አለች ከኋላቸው የተሰለፈችው ጸሐይወርቅ፣ ባልዲዋን ዱብ አድርጋ። «ሦስቱን ልጆቼን ቆልፌባቸው ነው የመጣሁት፤ ይኸው ልቤ እዚያው ነው!» ከሰልፉ ሌላዋም፣ ሌላዋም «እኔም!» አለች።

የመጀመሪያው ተራ የዘነቡ ሆነ። በቁርጥራጭ ጨርቅ ደህና ኳስ ሰፍታ ሰጠቻቸውና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ልቧ ግን አልተቀመጠም። መኪና ጡሩንባ ባሰማ ቁጥር ብድግ ትል ነበር።

ሳምንታት አለፉ። እህል አልቀምስ ይል የነበረው ሱልጣን «ጨምሪልኝ» ማለት ጀመረ፤ ሲጠይቁት የእናቱን ዓይን ሳያይ ይመልሳል። ከቦኖው እስከ አስፋልቱ ስሙን የማያውቅ ጠፋ፤ ወደ አስፋልቱ ፈቀቅ ሲል አሥር ሰው «አንተ ሱልጣን፣ ተመለስ!» ይለዋል። ተራ ያልደረሳቸው እናቶችም ሥራቸውን በሰላም ይሠራሉ። እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ከቁልፍና ከዚህ የቱ ይሻላል?

አንድ ቅዳሜ ሱልጣን በሩን በርግዶ ገባ። ጉልበቱ ተልጧል፣ ሸሚዙ ጭቃ ብቻ ሆኗል።

«እማ! ጎል አገባሁ! ወላሂ እኔ ነኝ ያገባሁት!»

ዘነቡ ሸሚዙን አየች፤ ጉልበቱን አየች። የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«ስንት ለስንት ሆናችሁ?» አለችው።