የእናትና ልጅ ቅርጽ ያለው ድንጋይ በአሲድ ስለመበላቱ የተሰጠ ቃል

ቃል ሰጪ፦ የመናፈሻው ቅርስ ክልል የጽዳት ሠራተኛ፣ ሴት
ዕድሜ፦ 51
ትምህርት፦ 6ኛ ክፍል
አድራሻ፦ የሠራተኞች መኖሪያ፣ ቤት ቁጥር 7
ቀን፦ ሰኞ የካቲት 9፣ ከጠዋቱ 3፡20

በመናፈሻው 19 ዓመት ሠርቻለሁ። እናት ልጇን አዝላ የምትታይበትን ጥንታዊ የኖራ ድንጋይ የማጥበው እኔ ነኝ። ባለሙያዎች እንዳሳዩን በንጹህ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ነው የሚታጠበው። እኔ ልጅ አልወለድኩም፤ ጋሼ የምላቸው የበሩ ጥበቃ ባልዲ ይዤ ሳልፍ "ልጅሽ ዛሬስ ሳታለቅስ ገላዋን ታጠበች?" እያሉ ይቀልዱብኛል።

ሐሙስ ዕለት ኃላፊያችን "ነገ እንግዶች አሉ፤ ድንጋዩ ሻጋታ ይዟል፤ እንደ አዲስ ይብራልኝ" አሉኝ። በምን እንደማጸዳው አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሻጋታው በውሃ እንደማይለቅ ስለማውቅ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ የሽንት ቤት አሲድና የሽቦ ብሩሽ ከመጋዘን አወጣሁ።

ሳፈስበት አረፋ ደፈቀ። ቆሻሻው እየለቀቀ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንዲያውም ጨመር አደረግሁበት። ውሃ ስደፋበት የልጅቷ ፊት የለም። ዐይኗ፣ አፍንጫዋ፣ በእናቷ ትከሻ ላይ ያረፈችው ትንሽ እጇ ሳትቀር ሟሙታ ልሙጥ ሆናለች። ከሥር የወረደውን ነጭ ጭቃ እየሰበሰብኩ ልመልሰው ሞከርኩ። አሁን ሳስበው የጅል ሥራ ነው፤ ያኔ ግን ሌላ አልመጣልኝም።

በዚህ መሐል ጋሼ መጡ። ድንጋዩን አዩ፤ እጄንም አዩ። "አንቺ ልጅ፣ መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ፣ ይልጥሻል" አሉኝ። የአሲዱን ጄሪካን ተቀብለው ወደ ጥበቃ ቤት ወሰዱት፤ እኔን ወደ ቤቴ ሰደዱኝ። ዓርብ ጠዋት ጄሪካኑ እሳቸው ዘንድ ስለተገኘ ተያዙ። ለፖሊስ "ማን እንደሠራው አላየሁም" ማለታቸውን ሰምቻለሁ። አይተዋል። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ነው የቀራቸው።

እኔም እስከ ዛሬ አፌን ዘግቼ መቀመጤን አልክድም፤ ፈርቼ ነው። ዛሬ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ባለቤታቸው በሬን አንኳኩተው "ልጄ፣ ጉልበቴ እምቢ አለኝ፤ ስንቁን ፖሊስ ጣቢያ አንቺ አድርሺልኝ። ከሥራ ቦታ ከአንቺ የሚቀርበው የለም" አሉኝ። ስንቁን ተቀብዬ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ የስንቁ ሳህን በእጄ እንደሞቀ ነበር።

ስንቁ ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው። ጋሼ ቤታቸው ሄደው ከባለቤታቸው ጋር ይብሉት። እኔ ቅያሪ ልብሴን ይዤ መጥቻለሁ።

ይህ ቃል ተነብቦልኛል፤ የተናገርኩት ነው፣ እውነት ነው፤ ማንም ሳያስገድደኝ ፈርሜያለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________