ጆሮውን ሳያጥፍ

(አዊ ውስጥ፣ ከእንጅባራ ወጣ ባለ መንደር፣ በጥር ወር አንድ ጠዋት። ሽማግሌው ፈረሰኛ አያናው ክንዱን በጋቢ ሸፍኖ የፈረሱ የቦራ ጋጣ በር ላይ ተቀምጧል፤ ሚስቱ የሻረግ ፊቱ ቆማለች።)

የሻረግ፦ ጋቢውን ግለጠው ብዬሃለሁ!

አያናው፦ ማጭድ ነው የቆረጠኝ አልኩሽ እኮ።

የሻረግ፦ (ጋቢውን ራሷ ገልጣ) ማጭድ ከመቼ ወዲህ ነው ከላይም ከታችም ጥርስ ያበቀለው?

አያናው፦ እሺ፣ ቦራ ነው። ከትናንት ወዲያ ገለባ ስሰጠው ያዝ አደረገኝ። ታዲያ ምን ይሁን? አርባ ዓመት ከፈረስ ጋር ኖሬ ያልተነከስኩት ምላሴን ብቻ ነው።

የሻረግ፦ እሱንም በነከሰልኝ! ቦራ ግን ልጃችን ደመላሽ በውርንጭላነቱ ካመጣው ጀምሮ ሰው ነክሶ አያውቅም። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል ነበር።

አያናው፦ አመል ነው፣ ይለቀዋል። ገመዱን አሳጥሬ አስረዋለሁ። በፊቱ ሳይሆን በትከሻው በኩል እቀርበዋለሁ። በእጄ ማጉረሱንም እተዋለሁ። ስንቱን ተናካሽ አቅንቼ የለም እንዴ!

የሻረግ፦ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለመንደሩ ሁሉ "ፈረስ ሊነክስ ሲል ጆሮውን ወደ ኋላ ያጥፋል፤ ያኔ ዘወር በሉ" እያልክ የምታስተምረው አንተ ነህ። ቦራ ጆሮውን አጥፎ ነበር?

አያናው፦ እኔ ገለባውን ነበር የማየው።

የሻረግ፦ ተናገር እንጂ!

አያናው፦ አላጠፈም። ጆሮው እንደቆመ ነው የዘነጠለኝ።

የሻረግ፦ ወይኔ! ያ ቀይ ውሻ በታኅሣሥ ጋጣ ገብቶ የቦራን አፍንጫ ሲነክሰው አይተናል። ውሻው አብዶ ነው የተገደለው። ቦራም ይኸው የታሰረበትን ግንድ ይነክሳል፣ የገዛ እግሩን ይነክሳል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል። የእብድ ውሻ በሽታ ነው፣ አያናው! ቁስሉን በሳሙና ታጠብና ጤና ጣቢያ እንሂድ። መርፌ አለው።

አያናው፦ መርፌ የሚወጋኝ ሰው ምን ነከሰህ አይለኝም?

የሻረግ፦ ይልሃል።

አያናው፦ ፈረሴ ካልኩ ደግሞ መጥተው ይገድሉታል።

የሻረግ፦ ይግደሉታ!

አያናው፦ አፍሽን ያዢ! የደመላሽ ፈረስ ነው። ልጄን ቀብሬ ስመለስ የጠበቀኝ እሱ ብቻ ነበር።

የሻረግ፦ እኔስ? እኔ የት ነበርኩ?

አያናው፦ እንደሱ ማለቴ አይደለም... ሁለት ቀን ስጪኝ። ጠበል እረጨዋለሁ።

የሻረግ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። በሽታው አንዴ ከጀመረህ መርፌው አይሠራም፤ ነርሷ ውሻው የተገደለ ጊዜ ነግራናለች። ውሃ እያየህ ጠምቶህ ትሞታለህ!

አያናው፦ ልሙት! ልጄን ያላዳንኩ ሰው፣ ፈረሱን በገዛ አፌ አስገድዬ ደግሞ ልኑር? አንቺ ምን ታውቂያለሽ? አንገቱን ሳቅፈው ልጄ ይሸተኛል።

የሻረግ፦ ለእኔስ አይሸተኝም? ለዚያ አይደል ትናንት ውሃ ይዤለት የገባሁት?

አያናው፦ ገባሽ? አትግቢ አላልኩሽም?

የሻረግ፦ አልከኝ። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርከኝም።

አያናው፦ የሻረግ... ግራ እጅሽን ለምንድን ነው ከነጠላው የማታወጪው?

የሻረግ፦ አየኸው? ሁለት ጣቴን ነው የነከሰኝ። የእኔን ሳይ ነው ያንተን የጠረጠርኩት።

አያናው፦ ምነው አፌን በቆረጠው! ምነው ያኔውኑ በነገርኩሽ! ሂጂ፣ አሁኑኑ ሂጂና ተወጊ!

የሻረግ፦ አንተ ካልሄድክ አልሄድም። አንድ ልጅ ቀብሬ፣ ደግሞ አንተን ቀብሬ፣ ለማን ብዬ ነው የምድነው? እዚሁ አጠገብህ እቀመጣለሁ።

አያናው፦ አትቀመጪ! ሳሙናውን አምጪ፣ መጀመሪያ ያንቺን እጅ ልጠበው። ጤና ጣቢያም ስንደርስ አንቺ ዝም በይ፤ የደመላሽ ፈረስ እንደነከሰን እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ።