ሁለተኛው ሰርቨር ባዶ ያለው አውቶቡስ

የምስክር ስም፦ ሰርካለም ዳኛው
ዕድሜ፦ 29
ሥራ፦ የኮምፒውተር ባለሙያ
አድራሻ፦ ጎንደር ከተማ፣ ቁስቋም አካባቢ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ጥር 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

የአውቶቡስ ትኬት በሚሸጥ ድርጅት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ተጠርጣሪ አላምረው ማሩን ከድብደባው ቀን በፊት አላውቀውም። ተጎጂው መዝሙር ወልደ ዮሐንስ በአዘዞ መስኮት ትኬት የሚሸጥ ባልደረባዬ ነው። ሌባ አይደለም፤ ይህ ይጻፍልኝ ብዬ ተጽፏል።

ትኬት የምንሸጠው ሰርቨር በምንላቸው ሁለት ዋና ኮምፒውተሮች ነው፤ የተሸጠውን ወንበር የሚመዘግቡት እነሱ ናቸው። ከፊታቸው ሎድ ባላንሰር የምንለው አከፋፋይ አለ፤ የመጣውን ሰው ወደ አንዱ ይመራዋል፣ አንዴ የመራውንም እዚያው ያቆየዋል። ጥር 12 ቀን፣ የጥምቀት እንግዳ ወደ አገሩ በሚመለስበት ግርግር፣ አንድ ወንበር ለሁለት ሰው ተሸጠ የሚል ስሞታ ጠዋት መጣ። ሥራ አስኪያጁ አቶ እንዳልካቸው በራሱ ኮምፒውተር ሞክሮ ደህና ነው አለ። የእሱ ኮምፒውተር ሁልጊዜ የሚደርሰው አንደኛው ሰርቨር ጋ ብቻ ስለሆነ፣ ሙከራውን ለይተን ወደ ሁለተኛው እንላከው ብዬ ነገርኩት። "ነገር አታብዢ" አለኝና ወደ አዘዞ ይዞኝ ሄደ።

ስንደርስ አላምረው መዝሙርን በአንገቱ ይዞ ከመስኮቱ ክፍል ጎትቶ አውጥቶት ነበር። ታማሚ ሚስቱ ሸዋአየሁ ባሕር ዳር ሆስፒታል ቀጠሮ ነበራት። በተቆረጠላት ወንበር ላይ ሌላ ትኬት የያዘ ሰው ተቀምጦ አውቶቡሱ ጥሏት ሄዷል፤ እሷም ቦርሳዋን ተንተርሳ መሬት ላይ ተኝታለች።

"ምነው በበሽተኛ ትጫወታለህ?" ይለዋል አላምረው።

"አያ፣ በእናትህ ስማኝ፤ ማሽኑ ባዶ ነው ብሎኝ ነው የቆረጥኩልህ።"

አላምረው ዞሮ አቶ እንዳልካቸውን እውነት ነው ወይ ሲል ጠየቀው። እሱም በሰው ሁሉ ፊት "እኔ ራሴ ሞክሬዋለሁ፤ ማሽኑ ደህና ነው፤ ልጁን ጠይቁት" አለ።

አላምረው ዱላውን ያነሳው ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ምት የመዝሙርን መንጋጋ አገኘው፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰምቻለሁ። ሲወድቅ ሰው ተረባረበበት፤ ጎኑን በእርግጫ፣ ጀርባውን በድንጋይ መቱት። ከአፉ ደምና ጥርስ ወጣ። እኔ ላፕቶፔን ከፍቼ፣ አከፋፋዩ ወደ ሁለተኛው ብቻ እንዲያሳልፈኝ የሰርቨሩን ስም ከሙከራው ጋር ጽፌ ላክሁ። ሁለተኛው ሰርቨር ሞልቶ የሄደውን አውቶቡስ ገሚሱ ባዶ ነው አለኝ። አንደኛው ወንበር መሸጡ ለሁለተኛው አይደርሰውም ነበር፤ እሱም ያንኑ ወንበር መልሶ ይሸጠዋል። እየጮህኩ መሐላቸው ስገባ ከሰው መሐል የተሰነዘረ ዱላ ቀኝ እጄን ሰበረው። ማን እንደመታኝ አላየሁም።

ላፕቶፑን በግራ እጄ ከአላምረው ፊት ይዤ "ይኸው፣ ልጁ አልዋሸህም፤ ማሽኑ ነው" አልኩት። አየና ዱላውን ጣለ። ጋቢውን አውልቆ በመዝሙር ራስ ሥር እያደረገ "ሰውየው ሞክሬዋለሁ አላለም?" አለኝ። ዞር ብዬ ፈለግሁት። አቶ እንዳልካቸው በቦታው አልነበረም።

ዛሬ መዝሙር መንጋጋው በሽቦ ታስሮ መናገር አይችልም፤ በማጭበርበር ስለተጠረጠረም ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ፖሊስ ተቀምጧል። አቶ እንዳልካቸው ትናንት ሁለተኛውን ሰርቨር ከአከፋፋዩ ነቅሎታል። ከእንግዲህ ማንም ቢሞክር የሚያገኘው ደህናውን ነው። የተነቀለው ሰርቨር ሳይጠፋ ዛሬውኑ በማስረጃነት ይያዝልኝ።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ያልኩት እንዳልኩት ተጽፏል፤ ፍርድ ቤት ብጠራም ይህንኑ እላለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ቀኝ እጇ በጀሶ ስለታሰረ በግራ አውራ ጣቷ አሻራ አድርጋለች።
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ስማቸው አዳነ (ፊርማ)